ዜማ የለመደ ጆሮ

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ቤተሰብ ልጠይቅ ቁይ ሄጄ ነበር። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው እየተቆላ ሳለ ታናሽ ወንድሜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁን የሒሳብ ደብተር ይዞ ከጓዳ ወጣ። «ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ!» ብሎ ሰጠኝ። ከጀርባ ያሉት ገጾች በሙሉ በእስክሪብቶ ሥዕል ተሞልተዋል። ቀንበር የተጫነባቸው በሬዎች አሉ፤ ጤፍ የምታበጥር ሴት አለች፤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። «አሁን ይሄ እንጀራ ይሆናል?» አለ ወንድሜ። ልጁ አንገቱን ደፍቷል።

መልስ ሳላገኝ አባታችን እጃቸውን ዘረጉ። ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት። «ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«መቋሚያዬን ረስተሃል» አሉትና መለሱለት።

አባባ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። እኔም ያን ቀን የወንድሜን ጥያቄ ስሰማ ወደ አሳቤ የመጣው ከዚሁ ከጎጃም የወጣ ሌላ የቅኔ ተማሪ ነበር፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ።

ሐዲስ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተከታትለዋል። ዲማ ለቁይ ሰው ሩቅ አገር አይደለም፤ የጎረቤታችን የእነማይ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ታሪክ የሚያብበው እዚያው ዲማ ነውና።

ብዙዎቻችን ልብ ወለድ ጸሐፊ ከመጽሐፍ ብቻ የሚወለድ ይመስለናል። የሐዲስን አስተዳደግ ያስተዋለ ግን ሌላ ነገር ያያል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነው። ሲመሽ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። በብዛት ወረቀት የለም፣ ብዕር የለም። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ እያንዳንዱ ቅኔ የራሱ ልክና የራሱ ዜማ አለው። ቃሉ ከዜማው ልክ ካለፈ ወይም ካነሰ መጀመሪያ የሚያውቀው ጆሮ ነው። ላይ ላዩን የሚታየው ሰም፣ ከሥሩ የተቀበረው ወርቅ የሚለየውም እዚያው ነው።

እንግዲህ አንድ ልጅ ይህን እየሰማ ሲያድግ፣ ለበዓል ደግሞ ከበሮውንና ጸናጽሉን፣ የካህናቱን ወረብና የመቋሚያውን እንቅስቃሴ ሲያይ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሥዕል ቀና ብሎ ሲመለከት፣ ሙዚቃን፣ ትርኢትንና ሥዕልን በአንድ ቅጥር ግቢ ተማረ ማለት ነው። ለየብቻቸው ስም ሳይሰጣቸው በፊት።

ሐዲስ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ ገና በወጣትነታቸው፣ «የአበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተባለ ተውኔት ጻፉ። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳተሙ። ልብ በሉ፤ ትልቁ ልብ ወለዳቸው ከመውጣቱ በፊት አያቶች እሳት ዳር የሚያወሩትን ተረት ለመጽሐፍ የሚበቃ ቁም ነገር አድርገው ይዘውታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. ነው።

መጽሐፉን ስታነቡ ያ ሁሉ ውስጡ አለ። በዛብህ የቅኔና የዜማ ሰው ነው። ጉዱ ካሣ ሰው እብድ ይበለው እንጂ ንግግሩ ሰምና ወርቅ ነው። መንደሩም፣ የመኳንንቱ አዳራሽም፣ የገበሬው ጎጆም በዓይን እንደሚታይ ሥዕል ተዘርግቷል።

ከጆሮ የመጣው መጽሐፍ ተመልሶ ወደ ጆሮ ገባ። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የእኛም ቤት በሰው ይሞላ ነበር። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም። ያን ሰሞን ግን የባትሪ ድንጋይ ለሌላ ነገር እንዳይባክን የምትቆጣጠረው እሷ ነበረች። እየፈተለች ታዳምጣለች፤ ሰብለ ስትከፋ እንዝርቷ ይቆማል። አንድም ገጽ ሳታነብ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ታውቀው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ቴዲ አፍሮ «ማር እስከ ጧፍ» በተባለው ዘፈኑ ያንኑ ፍቅር ለዛሬ ልጆች አደረሰ። የወንድሜ ልጅ ሰብለ ወንጌልን መጀመሪያ የሰማት ከዚያ ነው፤ መጽሐፉን ገና አልከፈተውም።

የወንድሜ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል፤ «እንጀራ ይሆናል?» በእውነቱ ሐዲስንም እንጀራ ያበላቸው ድርሰት አልነበረም። አስተምረዋል፤ ከጣሊያን ጋር ተዋግተው ተማርከው ሰባት ዓመት ያህል ታስረዋል፤ ከዚያም ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነው አገር አገልግለዋል። ትልቁ መጽሐፋቸው ሲወጣ ዕድሜያቸው ሃምሳ ስድስት ደርሶ ነበር። ስለዚህ የወላጅ ስጋት ከንቱ አይደለም። ልጅ ሒሳቡን መሥራት አለበት። ነገር ግን ሒሳቡን እንዲሠራ ብለን ሥዕሉን ብንቀድበት፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሊያፈራ የሚችለውን ዛፍ በአሥራ ሦስት ዓመቱ መቁረጣችን ነው።

ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። አያቶች፣ ተረታችሁን አትቆጥቡ፤ ስልኩ ለአንድ ምሽት ይቀመጥና እናንተ አውሩ። ሲጨርሱ ልጆቹ ራሳቸው መልሰው ይተርኩት፤ የሰሙትን ይሣሉት። ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲያንጎራጉር ወይም ሲሥል ስታገኙት ከመቆጣታችሁ በፊት «ይሄ ማነው? ምን እያደረገ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አባባ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ማወደስም፣ መገሠጽም አላስፈለጋቸውም። እንደ ቅኔ መምህር አይተው አረሙት።

ከቁይ በተመለስኩበት ጠዋት ወንድሜ መናኸሪያ ድረስ ሲሸኘኝ ከአንድ ሱቅ ጎራ ብሎ መስመር የሌለው ደብተር ገዛ። «ሒሳቡን እንዳያበላሽብኝ ብዬ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ማታ ደውዬ ልጁን አነጋገርኩት። አዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሽማግሌው እንደገና ተሥለዋል። መቋሚያው ገብቷል። አባባ ግን አሁንም አልረኩም፤ «አያያዙ ልክ አይደለም» ብለውታል።