በቤት ለሚሠራ የሰርፊንግ ሰሌዳ ሬዚኑ ስንት ይበቃል?

በካሊፎርኒያ ለአሜሪካ የሰርፊንግ ሰሌዳ ሠሪዎች አብዛኛውን ፎም ያቀርብ የነበረው ክላርክ ፎም፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2005 በድንገት ሥራ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ስታይሮፎምና ኢፖክሲ ይበልጥ ተለምደዋል። ፎሙ ቢለዋወጥም በጋራዡ ሰሌዳ የሚሠራ ሰው ጥያቄ ያው ነው፤ ምን ያህል ሬዚን ልበጥብጥ?

ሬዚን ከማጠንከሪያው ጋር አንዴ ከተቀላቀለ ወደ ጣሳው አይመለስም። ካነሰ የፋይበርግላሱ ጨርቅ ሳይርስ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሌላ እስኪበጠበጥ የመጀመሪያው መርጋት ይጀምራል። ከበዛ ደግሞ ሰሌዳው ይከብዳል፤ ገንዘቡም ወለል ላይ ይፈሳል።

ርዝመቱ 188፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ እንውሰድ። ሁለቱ ሲባዙ 0.94 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሰሌዳው ጫፍና ጫፉ ላይ ስለሚጠብ ከዚህ ሦስት አራተኛው፣ ማለትም 0.7 ያህሉ ይያዛል። ጨርቁ ግን ጠርዙን ዞሮ ወደ ሌላው ገጽ ስለሚታጠፍ፣ ዙሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት ወደ 1.1 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ባለ 4 አውንስ የሚባለው ጨርቅ በካሬ ሜትር 136 ግራም ስለሚመዝን፣ አንዱ ድርብ 150 ግራም ገደማ ነው።

በእጅ ሥራ፣ በደንብ ከተጠረገ፣ ጨርቁ ውስጥ የሚቀረው ሬዚን የጨርቁን ክብደት ያህላል። ለሆዱ አንድ ድርብ 150፣ ለጀርባው ሁለት ድርብ 300 ግራም ማለት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰሌዳው ላይ የሚቀረው እንጂ የሚበጠበጠው አይደለም። ፎሙ ይጠጣል፣ የላስቲክ መጥረጊያው ይዞ ይሄዳል፣ ባልዲው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ ከጠርዙም ይንጠባጠባል። ስለዚህ እጥፉን ማሰብ ይሻላል፤ ለሆዱ ከ300 እስከ 400፣ ለጀርባው 600 ግራም ያህል። ጀማሪ ከዚህም ቢጨምር አይወቀስም። ከደረቀ በኋላ የሚቀባው መሙያ ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው በየገጹ 300 ግራም ገደማ ይፈልጋል። ድምሩ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙ አይርቅም።

የፖሊስተር ሬዚን ማጠንከሪያ እንደ እርሾ ነው። በብርድ ቀን ይጨመራል፣ በሙቀት ይቀነሳል፤ ግን ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ባለው ልክ ውስጥ። ለ600 ግራም 1.5 በመቶ ቢወሰድ 9 ግራም ነው። ጠብታው ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ስለሚችል መነጽር ግዴታ ነው።

ኢፖክሲ ላይ ይህ ጨዋታ አይሠራም። መጠኑ በአምራቹ የተወሰነ ነው፤ ማጠንከሪያ ቢበዛበት አይፈጥንም፣ ለስልሶ ይቀራል። መመሪያው መጠኑን በክብደት ይሁን በይዘት መስጠቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ውድ ነው ብሎ በስታይሮፎም ላይ ፖሊስተር ማፍሰስም አይቻልም፤ ፎሙን በልቶ ይጨርሰዋል።

600 ግራም ሬዚን በጠባብ ባልዲ ውስጥ ከቆየ በራሱ ሙቀት ግሎ ሊጨስ ይችላል። ሰሌዳው ላይ ስስ ሆኖ ሲፈስ ግን ሙቀቱ ይወጣለታል። ስለዚህ ጨርቁ ተቆርጦ ተዘርግቶ፣ መጥረጊያው እጅ ላይ ሳይሆን መበጥበጥ አይጀመርም።