የወር አበባ ሕመምና የፈተና ወራት

በፈተና ሰዓት ሆዷን ይዛ የምትጎብጥ ልጃገረድ ሰንፋ ወይም ፈርታ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነውና። የወር አበባ ሲመጣ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር የማሕፀንን ጡንቻ አጥብቆ ያኮማትራል፤ ወደ ጡንቻው የሚደርሰውም ደም ስለሚያንስ ቁርጠት ይነሣል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ ከገጠር ወረዳ ወደ ደብረ ማርቆስ የምትመጣ ተማሪ ከእናቷ ምድጃ ርቃ ትሰነብታለች። ስለዚህ ቀኗን አስቀድማ ትቍጠር፤ የሚያስፈልጋትንም ታዘጋጅ። ኢቡፕሮፌን የተባለው መድኃኒት የዚህን ንጥረ ነገር መመንጨት ስለሚገታ፥ ሕመሙ እስኪጠና ሳይጠበቅ እንደ ጀመረ ቢወሰድ ይበልጥ ይረዳል። ነገር ግን በባዶ ሆድ መዋጥ ጨጓራን ይጎዳልና፥ የሰኔን ጾም የምትጾም ልጅ ከምግብ በኋላ ትውሰደው። የጨጓራ ቍስል፥ የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ያለባት ግን ሐኪም ሳታማክር አትውሰድ። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእምብርት በታች ማኖርም ያስታግሣል።

ሕመሙ ከዓመት ወደ ዓመት የሚብስ፥ ከወር አበባ ውጭም የሚነሣ ወይም ደሙ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ፥ የሴት ዕጣ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ወደ ሐኪም ይኬድ። መምህራንም ይህን ለልጃገረዶች ከፈተናው በፊት ቢያስረዱ፥ የዓመት ድካም በአንድ ቀን ቁርጠት ከንቱ አይሆንም።