የዓይን ጤና ሠራተኛው ቤታችሁ ሲመጣ

የዛሬው ዝግጅታችን በየመጠለያው እየዞረ ዓይን ስለሚያየው ሠራተኛ ነው። ሐኪም አይደለም፤ ከእናንተው መካከል የወጣ፣ ቋንቋችሁን የሚናገር፣ ባትሪና መዝገብ የያዘ ሰው ነው።

ብዙዎቻችሁ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ ከዴምና ከጅሬፍ የወጣችሁ ናችሁ። እዚያ ዓይን ሲቀላ «ሀቡቡ ነው» ይባል ነበር፤ ሻይ የምትሸጥ እህት ደግሞ «የከሰሉ ጭስ ነው» ትላለች። አቧራም ጭስም ዓይን ይቆጠቁጣሉ፣ እውነት ነው። ነገር ግን አቧራው አልፎ፣ እሳቱም ጠፍቶ ዓይን መቆርቆሩን ካልተወ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሠራተኛው የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ የሚያየው ይህንኑ ለመለየት ነው። መገልበጡ ለዓይን ይቀፋል እንጂ ጉዳት የለውም።

በተለይ የሚፈልገው ትራኮማን ነው። ትራኮማ ከሕፃናት ዓይናርና ንፍጥ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ዓይን አያጠፋም። በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ ግን የቆቡ ውስጥ ይጠባሰሳል፤ ከዓመታት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይንን ይፈገፍጋል። ጥርት ያለው የዓይን ሽፋን ቆስሎ ነጭ ከሆነ በኋላ የጠፋው ብርሃን በዚህ ቀዶ ሕክምና አይመለስም። ልጅ የሚያቅፉት እናቶች ስለሆኑ በብዛት የሚጎዱትም እነርሱ ናቸው።

እናቶቻችን ወረንጦ በክር አንጠልጥለው የሚይዙት ለዚህ ነው። መንቀሉ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ተሰብሮ የቀረው ወይም እንደገና የበቀለው አጭር ፀጉር ግን እንደ እሾህ ይወጋል። «ቀዶ ሕክምና» ሲባሉ ብዙዎች ዓይናቸው የሚወጣ ይመስላቸዋል። ዓይኑ አይነካም! የሚነካው ቆቡ ብቻ ነው። በመርፌ ይደነዝዛል፣ የታጠፈው ወደ ውጭ ተመልሶ ይሰፋል፣ ታካሚዋም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አንዳንድ ጊዜ ፀጉሩ ተመልሶ ሊታጠፍ ስለሚችል ለክትትል መሄድ ግድ ነው።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰ መሆኑ ተገምቶ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የዓይን ሐኪም ከየት ይመጣል? ስለዚህ ነርሶች ይህን አንድ ቀዶ ሕክምና እንዲማሩ ተደረገ፤ በአማራ ክልል ገጠር በየጤና ጣቢያው ሲሠሩ የኖሩት እነዚህ ናቸው። ሥራው በሐኪም ብቻ ቢጠበቅ ኖሮ ስንቷ እናት ወረፋ ላይ ትታወር ነበር።

የካምፑ ሠራተኛ ግን አይቀድም። አይቶ ይለያል፣ ይመዘግባል፣ ወደ ሕክምና ይልካል። የአረጋውያንን የዓይን ሞራም ይለያል፤ በሞራ የጠፋ ብርሃን በቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳልና «እርጅና ነው» ብላችሁ አባባን ቤት አታስቀምጡ። ለትራኮማ የሚሰጠው ኪኒን የሚለካው በቁመት ነው፤ በእንጨት ሲለኩአችሁ አትገረሙ። የዓይን ቅባት የተሰጣችሁ ደግሞ መቅላቱ ቢጠፋም የታዘዘላችሁን ቀን ጨርሱ። የቅጠል ጭማቂ፣ የጡት ወተት፣ ሽንት ዓይን ውስጥ አይገባም።

ውሃ እጥረት እንዳለ እናውቃለን። የልጅ ፊት ለማጠብ ግን አንድ ጣሳ ይበቃል። በነጠላችሁ ጫፍ የአንዱን ልጅ ዓይን ጠርጋችሁ ሌላውን አትጥረጉ፤ የኩል እንጨትም አትዋዋሱ። ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ በብዛት የሚራባው ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ስለሆነ ሕፃናትንም ሽንት ቤት አስለምዱ።

ዓይኑ የተመታ ልጅ፣ በድንገት ማየት ያቃተው ወይም ብርቱ የዓይን ሕመም የያዘው ሰው ካለ ሠራተኛው እስኪዞር አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ውሰዱት። ወረንጦ የያዛችሁ እናቶች ደግሞ ሠራተኛው ሲመጣ አትደብቁት፤ አውጥታችሁ አሳዩት።