ግራ ክንዳቸውን በአዲስ አበባ ያጡት የጦር ሜዳ ካሜራ ባለሙያ እንዴት ወደ ሥራቸው ተመለሱ?

ባሕር ዳር፦ ግንቦት 27/2016 ዓ.ም

የደርግ መንግሥት በወደቀ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም ጎሕ ሳይቀድ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የነበረ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን እና ባልደረቦቻቸው ሁኔታውን ለመቅረጽ ወደ ስፍራው አመሩ። በሥራ ላይ ሳሉም ሌላ ከባድ ፍንዳታ ደረሰ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሕይወታቸው አለፈ፤ አብሯቸው የነበረው የቢቢሲ ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ተረፈ፤ የመሐመድ አሚን ግራ ክንድ ደግሞ ክፉኛ ተጎዳ።

መሐመድ አሚን ለኢትዮጵያ አርሶ አደር እንግዳ ሰው አልነበሩም። በ1935 ዓ.ም ናይሮቢ ተወልደው በታንዛኒያ ያደጉት እኚህ ሰው፣ ገና በወጣትነታቸው ካሜራፒክስ የተሰኘ የፎቶግራፍና የፊልም ድርጅት መሥርተው በአፍሪካ የተካሄዱ በርካታ ጦርነቶችን ቀርጸዋል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም ከማይክል በርክ ጋር ወደ ኮረም ተጉዘው በመጠለያው የተሰበሰበውን የተራበ ሕዝብ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ የተላለፈው ያ ዘገባ በብዙ አገሮች ታይቷል፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም በለንደን እና በፊላደልፊያ ለተካሄደው ታላቅ የእርዳታ ማሰባሰቢያ የሙዚቃ ዝግጅትም መነሻ ሆኗል። የ77ቱን ድርቅ ለዓለም ያሳየው ካሜራ በሁለት እጅ የሚያዝ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ባለቤቱ አንድ እጅ ብቻ ቀራቸው።

በፍንዳታ ክንዱ ወይም እግሩ የተጎዳ ሰው በመጀመሪያ የሚያሰጋው የደም መፍሰስ ነው። በክንድና በጭን ውስጥ የሚያልፉት ትላልቅ የደም ቧንቧዎች ከተቆረጡ፣ ተጎጂው በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ቤት እስኪደረስ ድረስ ዋናው ሥራ በአቅራቢያ ባለ ሰው እጅ ላይ ይወድቃል። ቁስሉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ያለማቋረጥ አጥብቆ መጫን ይገባል። ደሙ አልቆም ካለ፣ ከቁስሉ ጥቂት ጣቶች ያህል ከፍ ብሎ፣ ከመገጣጠሚያ ውጪ፣ ሰፊ ጨርቅ ወይም መቀነት ደሙ እስኪቆም ድረስ አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል። ቀጭን ገመድና ሽቦ ሥጋን ስለሚቆርጡ ለማሰሪያነት አይመረጡም። የታሰረበትን ሰዓት ማስታወስ፣ በየመንገዱ ፈትቶ አለማየት፣ ተጎጂውንም በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል። በገጠር እንደሚታየው የተፈጨ ቡና፣ አመድ ወይም አፈር ቁስል ላይ መነስነስ ጉዳቱን ያባብሳል፤ አፈርና ፍግ የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስያንን ሊይዙ ይችላሉና።

ቀጥሎ የሚመጣው የሐኪሞች ውሳኔ ነው። ፍንዳታ አጥንትን ይሰባብራል፤ ጡንቻን ይበጣጥሳል፤ ቆሻሻንም ወደ ሥጋ ውስጥ ይከታል። ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል፤ የሞተ ሥጋ ደግሞ የሚያመረቅዝና መላ ሰውነትን የሚመርዝ ነው። ለዚህም ነው ሐኪሞች ሕይወትን ለማትረፍ አካልን ለመቁረጥ የሚገደዱት። ወደ ናይሮቢ የተወሰዱት መሐመድ አሚንም ሕይወታቸው ቢተርፍም ግራ ክንዳቸው ሊተርፍ አልቻለም።

የቁስሉ መዳን ግን የማገገም መጀመሪያ ብቻ ነው። የተቆረጠው አካል እብጠቱ እስኪጎድልና ጠባሳው እስኪጠነክር ድረስ ሰው ሠራሽ አካል አይገጠምለትም። ብዙ ተጎጂዎች የሌለውን እጅ ወይም እግር ሲያማቸው ይሰማቸዋል። ይህ እብደት ወይም መተት አይደለም፤ የተቆረጡት ነርቮችና አንጎል የሚፈጥሩት እውነተኛ ሕመም በመሆኑ ለሐኪም ሊነገር ይገባል።

መሐመድ አሚን በባትሪ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክንድ ተገጠመላቸው። የዚህ ዓይነቱ ክንድ አሠራር እንዲህ ነው፤ ጡንቻ ሲኮማተር እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ያመነጫል። በቀሪው ክንድ ቆዳ ላይ የሚያርፉ መቀበያዎች ያን ምልክት ያነቡና ሞተሩን ያዝዛሉ፤ ጣቶቹም ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ይሁን እንጂ መሣሪያው ስለተገጠመ ብቻ አይታዘዝም። ባለቤቱ የትኛውን ጡንቻ መቼ እንደሚያዝዝ በትዕግሥት መለማመድ ይኖርበታል። የዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ካሜራ በትከሻ የሚሸከሙት ከባድ ዕቃ ነበር። መሐመድ አሚን ግን በወራት ውስጥ ወደ ካሜራቸው ተመልሰው እንደቀድሞው አገር ለአገር እየተጓዙ መሥራታቸውን ቀጠሉ።

ይህ ታሪክ አርሶ አደሩን በቅርብ ይመለከተዋል። የካሜራ ባለሙያው በአንድ እጁ ካሜራውን ይዞ በሌላው ሌንሱን እንደሚያስተካክል ሁሉ፣ አራሽም በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል። እጁን ያጣ ገበሬ የሚያጣው አካሉን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን እንጀራ ጭምር ነው። በጦርነት በተጎዱ አካባቢዎች ደግሞ ሳይፈነዱ የቀሩ ተተኳሾች በማሳና በግጦሽ መሬት ሊገኙ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ብረት ሲታይ መንካት፣ ማንቀሳቀስ፣ በድንጋይ መምታት ወይም በአካባቢው እሳት ማንደድ አይገባም። ቦታውን ከርቀት ምልክት አድርጎ፣ በመጡበት ዱካ ተመልሶ ለቀበሌው ወይም ለጸጥታ አካላት ማሳወቅ፣ ለእረኛ ልጆችም ማስተማር ይገባል። የከተማ ነዋሪም ከአዲስ አበባው አደጋ የሚወስደው ትምህርት አለ፤ በእሳት የተያያዘ የጥይት መጋዘን ደጋግሞ ሊፈነዳ ስለሚችል ለማየት መሰብሰብ ሞትን መጥራት ነው።

መሐመድ አሚን ክንዳቸውን ካጡ በኋላ ከአምስት ዓመት በላይ ሠርተዋል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበሩ የተሳፈሩበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠለፈ፤ ነዳጁን ጨርሶም በኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሲሞቱ፣ የ53 ዓመቱ መሐመድ አሚን አንዱ ነበሩ።

በእርግጥ እሳቸው ያገኙትን ዓይነት ክንድ እያንዳንዱ ተጎጂ ላያገኝ ይችላል። በባሕር ዳርና በደሴ ግን የአካል ተሐድሶ ማዕከላት አሉ፤ ሰው ሠራሽ እጅና እግር፣ ክራንችና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የሚሰጠው በእንዲህ ያሉ ተቋማት ነው። አካሉ የተቆረጠ ሰው ቁስሉ እንደዳነ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት መጠየቅ ይኖርበታል፤ ቤት ውሎ ጡንቻው በደከመና መገጣጠሚያው በደረቀ ቁጥር ልምምዱ ይከብደዋልና። እርፍ መጨበጥ የማይችል አራሽም ንብ ማነብን፣ በግ ማድለብን፣ ችግኝ ማፍላትን የመሳሰሉ ሥራዎችን ከግብርና ባለሙያ ጋር ተመካክሮ መጀመር ይችላል። ቤተሰቡና ጎረቤቱም ተጎጂውን ከሥራ አግልለው ከማስቀመጥ ይልቅ፣ የሚችለውን ሥራ ቢያመቻቹለት ለማገገሙ ትልቅ እገዛ ያደርጋሉ።