ትራንሳል፤ ኹለት መንግሥታት በኅብረት የሠሩት የጭነት አይሮፕላን

ሠራዊት ያለ ስንቅ አይጸናም፤ ስንቅም ያለ መጓጓዣ ከቦታው አይደርስም። በዱሮ ዘመን ይህን ሥራ አጋሰስና ጋሪ ይሠሩት ነበር፤ ኋላም ባቡርና ካሚዮን ተተኩ። ነገር ግን መንገድ በሌለበትና ድልድይ በፈረሰበት አገር እነዚህ ዅሉ ስለማይደርሱ፥ መንግሥታት ከባድ ሸክም አንሥቶ በአጭር ሜዳ የሚያርፍ አይሮፕላን ፈለጉ። ከነዚህም አንዱ ትራንሳል ሲ 160 የሚባለው ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ዅሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን አስቀድሞ ኖራትላስ በሚባል የጭነት አይሮፕላን ይሠሩ ነበር። ሞቶሩ ፒስቶን ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ የሚያዞረው ስለ ነበረ፥ ጉልበቱ እያደገ ለሄደው ሸክም አልበቃም። በ1940 ዓ.ም. በጦር ሜዳ የተገናኙት እነዚህ ኹለት አገሮች፥ በጥር 1959 ዓ.ም. የአይሮፕላን ፋብሪካዎቻቸውን አስተባብረው አንድ ማኅበር አቆሙ። ትራንሳል የሚለው ስም የማጓጓዣ ኅብረት ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ 160 የሚለውም ቍጥር የክንፉን ስፋት በካሬ ሜትር ያመለክታል። ሥራውንም ተከፋፈሉት፤ ክንፉ በፈረንሳይ፥ የአካሉም ክፍሎች በጀርመን ተሠሩ። የመጀመሪያውም ትራንሳል የካቲት 25 ቀን 1963 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በረረ።

የዚህ አይሮፕላን ኹለት ሞቶሮች በእንግሊዝ አገር የታቀዱ፥ ታይን የሚባሉ ተርባይኖች ናቸው። አሠራራቸውም እንዲህ ነው። ሞቶሩ አየርን ከፊቱ ስቦ አጥብቆ ያምቀዋል፤ በታመቀውም አየር ውስጥ ነዳጅ ይረጭና ይነዳል። የጋለው ጋዝ በብርቱ እየተስፋፋ ሲወጣ፥ ዙሪያውን ስለት የተተከለበትን መንኰራኵር በታላቅ ፍጥነት ያሽከረክራል። ይህ ፍጥነት በጥርስ መዘውር ከተቀነሰ በኋላ በፊት ያለውን ውልብልቢት ያዞራል፤ ውልብልቢቱም አየሩን ወደ ኋላ እየገፋ አይሮፕላኑን ወደ ፊት ይስበዋል። አስተማሪ ይህን ለልጆች ሊያሳይ ቢወድ፥ እንዳይቃጠሉ ራቅ አድርጎ፥ ከሚፈላ ጀበና አፍ በሚወጣው እንፋሎት ፊት ቀላል የወረቀት መንኰራኵር ያቁም፤ መንኰራኵሩ ሲዞር ነገሩ ይገለጥላቸዋል።

የእያንዳንዱ ሞቶር ጉልበት ከ6,000 ፈረስ ጉልበት ያላነሰ ነው። ሞቶር ኹለት ብቻ ሲኾን የጥገናው ድካምና ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንዱ ቢጠፋ ሌላው ብቻውን አይሮፕላኑን ማቆየት ስላለበት፥ እያንዳንዱ ብርቱ መኾን ይገባዋል።

ክንፉ ከአካሉ በላይ የተተከለው ውልብልቢቶቹ ከአቧራና ከጠጠር እንዲርቁ፥ ወለሉም ለመሬት እንዲቀርብ ነው። በስተኋላው የሚከፈተው መዝጊያ ወደ መሬት ሲዘረጋ መወጣጫ ስለሚኾን፥ መኪና እየተነዳ ይገባበታል። የጭነቱም ክፍል በአውሮፓ የባቡር ሐዲድ ላይ የሚያልፈውን ዕቃ እንዲይዝ ተለክቶ ተሠራ። እስከ 16 ቶን፥ ማለት 160 ኩንታል ይጭናል፤ አንድ አጋሰስ አንድ ኩንታል ቢሸከም፥ የ160 አጋሰስ ጭነት መኾኑ ነው።

ሥራው በ1972 ዓ.ም. ከቆመ በኋላ ፈረንሳይ ተጨማሪ ስለ ፈለገች እንደ ገና ተጀምሮ እስከ 1985 ዓ.ም. ቀጠለ። በጠቅላላው ከ200 በላይ ተሠሩ።

በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጽኑ ረኃብ በኾነ ጊዜ፥ የምዕራብ ጀርመን ትራንሳሎች መጥተው እህል አመላለሱ። ማረፊያ በሌለበትም ተራራማ አገር ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያውን ወደ ሜዳ ይጥሉ ነበር። በካሚዮን ብዙ ቀን የሚፈጅ መንገድ በሰዓት ተፈጸመ፤ ለተራበ ሰው ደግሞ የቀኖች ልዩነት የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

ጀርመን በ2021፥ ፈረንሳይም በ2022 ዓ.ም. ትራንሳልን ከሥራ አሰናበቱ፤ በአራት ሞቶር የሚበር ሌላ አይሮፕላንም ተካው። ለጦር ስንቅ የታሰበው መሣሪያ ለተራቡ እህል ማድረሱ፥ የዕውቀት ጥቅም በሚያውሉት ሰዎች አሳብ እንደሚለካ ያሳያል። ጠላት የነበሩትም አገሮች አንዱ ክንፉን ሌላው አካሉን ሠርተው ማብረራቸው፥ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የአባቶች ቃል ያጸናል።