ከአሮጌ የጭነት መኪና ሞተር ስለሚፈስ ዘይት

የገበሬው ድካም በአውድማ ላይ አያበቃም። እህሉ ከጎተራ፣ አትክልቱም ከገበያ እስኪደርስ ድረስ የመኪና አገልግሎት ያስፈልገዋል። በአፍሪካ ቀንድ ይህን አገልግሎት ለረጅም ዘመን ከሰጡት መኪናዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት የጀመረው ፊያት 682 ሲሆን፣ ኋላ የመጣው ዓይነት በሕዝብ ዘንድ «ኤንትሬ» በሚል ስም ይታወቃል። እንዲህ ያለ ዕድሜ የጠገበ መኪና በቆመበት ሥፍራ የዘይት ጠብታ ሲታይ፣ ባለቤቱ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። ነገር ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር ለሞተርም የሚሠራ ነው።

ሃያ ያህል ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል። ስለዚህ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ሞተር በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፣ በ10 ሰዓት ጉዞም 1.8 ሊትር ዘይት ያጣል። ከምፅዋ ተነሥቶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አስመራ የሚወጣ መኪና ሞተሩ ይግላል፤ የጋለው ዘይት ይቀጥንና በቀዳዳው ይበልጥ ያመልጣል። የዘይቱ ግፊት ከወደቀ ብረት ከብረት ይፋጫል። ሞተሩ በመንገድ ላይ ተጣብቆ ቢቆም የተጫነው ቲማቲም ይበሰብሳል፤ ለዘር የተላከውም እህል የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

የመፍሰሱ ምክንያት ብዙ ነው። በብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ ከሙቀትና ከዕድሜ የተነሣ ይደርቃል፤ ቡሎኖችም በንዝረት ይላላሉ። ከዚህም ሌላ የፒስተኑ ቀለበቶች ሲያልቁ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። የሞተሩ መተንፈሻ በቆሻሻ ከተደፈነ ጋዙ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በማሸጊያዎቹ በኩል ይገፋዋል። እንግዲህ መተንፈሻው ሳይጸዳ ማሸጊያ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከጥገናው አስቀድሞ ዘይቱ ከየት እንደሚፈስ በትክክል መለየት ይገባል። ሞተሩ ሲበርድ በናፍታና በብሩሽ ታጥቦ በጨርቅ ይደርቃል። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ የዘይቱ ልክ በመለኪያው ዘንግ ታይቶ፣ ከሥሩ ነጭ ካርቶን ይነጠፋል። ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞቅ ከላይ ወደ ታች ይመረመራል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ በጉዞም ጊዜ ነፋስ ወደ ኋላ ይነዳዋል። ስለሆነም ጠብታው የታየበት ሥፍራ ሁልጊዜ የፈሰሰበት ሥፍራ አይደለም። የቫልቮቹ ክዳን የሚያፈሰው ዘይት ታች ወርዶ ኮፓው፣ ማለት ዘይቱ የሚጠራቀምበት ሳህን፣ የተበላሸ ያስመስላል።

መድኃኒቱም ከቀላሉ ይጀምራል። የማፍሰሻው ቡሎን ያፈሰሰ እንደ ሆነ የመዳብ ሮንዴላው ይለወጣል። የላሉ ቡሎኖች በመስቀል ቅርጽ በየተራ ይጠበቃሉ፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ ግን ክዳኑን ያጣምማል። ማጣበቂያ ሲቀባም በስሱ ይሁን፤ የተረፈው ተቆርጦ በውስጥ ከወደቀ የዘይቱን መሳቢያ ይደፍናልና። ዘይቱ ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ የሚፈስ ከሆነ የኋለኛው የዘንግ ማሸጊያ ሊሆን ስለሚችል፣ ሥራው ካምቢዮውን ማውረድ ይጠይቃል። ይህን ለሠለጠነ መካኒክ መተው ይበጃል፤ የፈሰሰው ዘይት ፍሪሲዮኑን ካራሰ መኪናው በዳገት ላይ ኃይል ያጣልና።

አንዳንዶች መፍሰሱን ለመቀነስ ወፍራም ዘይት ይጨምራሉ። ይህ የማይበጅ ነው፤ በደጋ ብርድ በማለዳ ሞተር ሲነሣ ወፍራም ዘይት ቶሎ አይዘዋወርም፤ ሞተርም እጅግ የሚጎዳው በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው።

የወጣውን አሮጌ ዘይት በእርሻ ወይም በወንዝ ዳር መድፋት አይገባም፤ አፈሩንና የከብቱን ውኃ ይበክላልና በበርሜል መጠራቀም አለበት። ሾፌሩም በየጠዋቱ የዘይቱን ልክ ይመልከት፤ የጨመረውንም ከኪሎ ሜትሩ ጋር በደብተር ይመዝግብ። የዘይት ግፊት መብራት በጉዞ ላይ ቢበራ መኪናውን በደኅና ሥፍራ አቁሞ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አለበት። የአንድ ማሸጊያ ዋጋ ሞተር ለማደስ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ከቶ የሚወዳደር አይደለም።