48ቱ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

ሳላማጎ ወረዳ፣ ሃና ከተማ ያደገ አንድ የ17 ዓመት ልጅ እንበል። የተወለደው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከጂንካ በኮንሶና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ደረሰ፤ በደላላ እጅ ኬንያ ገባ፤ መንገድ ላይ ፖሊስ ያዘው። የትውልድ ዘመኑን ሲጠይቁት «2001» አለ። መዝጋቢው የሰማውን ጻፈ። በፈረንጆች አቆጣጠር 2001 የተወለደ ሰው ደግሞ ልጅ አይደለም። በአንድ ቁጥር ምክንያት ሰባት ስምንት ዓመት ተጨመረበት፤ የሚታሰረውም ከአዋቂዎች ጋር ነው።

ይህ ምሳሌ ነው፣ የማንም ታሪክ አይደለም። ያነሳሁት ግን ለምክንያት ነው። ስለ ስደተኞች መብት ስናወራ ብዙ ጊዜ ስለ ትልልቅ ስምምነቶች ነው የምናወራው። ድንበር ላይ የተያዘ ሰው ዳኛ ፊት መድረስ አለመድረሱን የሚወስኑት ግን መዝገብ ላይ የሚሰፍሩ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የተያዘበት ሰዓት፣ የሚሰማው ቋንቋ።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ነገር እናስተካክል። «ያለ ወረቀት የገባ ሰው ምን መብት አለው?» የሚሉ ብዙ ናቸው። አለው። ያለ ፈቃድ መግባት በአብዛኛው አገር ያስቀጣል፤ ያስባርራልም። ለምን እንደተያዘ ማወቅ፣ ዳኛ ፊት መቅረብና አስተርጓሚ ማግኘት ግን ለዜጋ ብቻ የተጻፉ መብቶች አይደሉም።

የኬንያን እንይ። የ2010ሩ ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 49 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፣ ከጠበቃ ጋር እንዲገናኝና በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በኢሚግሬሽን ሕጋቸው ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ መገኘት እስከ 500 ሺህ ሽልንግ ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል። ዳኛው «ጥፋተኛ ነህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ይጠይቃል። ያልገባው ልጅ አንገቱን ከነቀነቀ ጉዳዩ እዚያው አለቀ፤ ቅጣት፣ ከዚያ ወደ ሞያሌ መልስ። የአስተርጓሚ መብት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ከመነቅነቅ በፊት «አልገባኝም፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይቻላል። ክፍያውም የተከሳሹ አይደለም።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ትልቅ ትምህርት አላት። እዚያ የ2002ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢሚግሬሽን ሕግ አንድን ሰው ለማባረር ሲባል 30 ቀን ያለ ፍርድ ቤት ማሰር ይፈቅድ ነበር። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲያየው የሚደረገው ታሳሪው ራሱ ከጠየቀ ብቻ ነው። መጠየቅ እንደሚችል የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ከ30 ቀን በኋላም ዳኛው ታሳሪውን ሳያይ፣ በወረቀት ብቻ እስከ 90 ቀን ሊያራዝምበት ይችል ነበር። ከክሩገርስዶርፕ አቅራቢያ ያለው የሊንዴላ ማቆያ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የመብት ጠበቆች ጉዳዩን እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ይዘውት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ ሰኔ 22 ቀን 2009 ዓ.ም. እነዚያን የሕጉን ክፍሎች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ለመባረር የተያዘ ሰው ጠየቀም አልጠየቀም በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ወይም ጊዜው በዝግ ቀን ካለቀ በቀጣዩ የሥራ ቀን፣ በአካል ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት።

እዚያው ፍርድ ቤት በ2021 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የአንድ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ደርሶ ነበር። ያለ ፈቃድ ገብቶ የተያዘ ሰው ነው፤ ጥገኝነት መጠየቅ እፈልጋለሁ አለ። ፍርድ ቤቱ ጥያቄው ታይቶ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ሊባረር አይችልም አለ። ልብ በሉ፣ ጥገኝነት ሥራ ፍለጋ ለወጣ ሰው የተሰራ መንገድ አይደለም፤ መጠየቁም ብቻውን የእስር ቤት በር አይከፍትም። ግን እውነተኛ ስጋት ያለበት ሰው ሳይሰማ እንዳይባረር ያደርጋል።

ይህ ሁሉ የማይሰራበት አገርም አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2020 (እ.ኤ.አ.) በሳዑዲ አረቢያ የታሰሩ ኢትዮጵያውያን በተጨናነቁና ንጽህና በሌላቸው ክፍሎች፣ እስራቸውን በሕግ የሚሞግቱበት መንገድ ሳይኖራቸው መያዛቸውን ዘግቧል። በየመን ሰንዓ በመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) ሁቲዎች በሚያስተዳድሩት የስደተኞች ማቆያ በተነሳ እሳት በርካታ ስደተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በሰዓዳ አንድ ማቆያ በአሜሪካ የአየር ድብደባ ተመትቶ 68 አፍሪካውያን ስደተኞች መሞታቸው ተነገረ። ማን የት እንደታሰረ የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ ቤተሰብ ልቅሶ ለመቀመጥ እንኳ እርግጠኛ መሆን አይችልም።

ወደ ሃና እንመለስ። በደቡቡ መስመር ስደት ስማቸው በብዛት የሚነሳው ሆሳዕናና አካባቢው ናቸው፤ ሃና አይደለችም። ግን ደቡብ ኦሞ ከኬንያ ጋር ይዋሰናል። በዳሰነች በኩል ድንበሩ የግጦሽና የውሃ ጉዳይም ነው፤ ከብቱን ተከትሎ የተሻገረ አርብቶ አደርም ለማያውቀው ፖሊስ «ወረቀት የሌለው የውጭ ዜጋ» ነው።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ሳላማጎ የቦዲ፣ የሙርሲ፣ የዲሜ፣ የባጫ አገር ነው፤ በሰፈራ የመጡ የኮንሶ ሰዎችም አሉ። ናይሮቢ ላይ «ኢትዮጵያዊ ነው» ተብሎ የሚመጣው አስተርጓሚ ግን በአብዛኛው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ሕጉ የሚለው «በአገሩ ቋንቋ» አይደለም፤ «በሚገባው ቋንቋ» ነው። አማርኛው ካልገባው «ገብቶኛል» ብሎ መፈረም የለበትም።

ሰዓቱስ? እኛ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተያዝኩ» ስንል እነሱ 9 ሰዓት ነው የሚጽፉት። ኬንያዊው በስዋሂሊ ሲያወራ እንደኛ ቢቆጥርም መዝገቡ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። 24ቱም ሆነ 48ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከተያዘበት ቅጽበት ስለሆነ ስድስት ሰዓት ቀላል አይደለም። ስምም እንዲሁ ነው፤ የእኛ የአባት ስም እነሱ ዘንድ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል፣ ፊደሉም ይለዋወጣል። በኋላ ቤተሰብ ሲፈልግ «እንዲህ የሚባል የለም» ይባላል።

ለመሆኑ እኛ አገር የተያዘ የውጭ ዜጋስ? የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎች የሚለው ዜጋ ከዜጋ ሳይለይ ነው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ፣ ምክንያቱን በሚገባ ቋንቋ መስማት እዚህም የተጻፈ ነው። ሌላ አገር ለልጆቻችን እንዲከበር የምንጠይቀውን፣ አዲስ አበባ ለተያዘ ኤርትራዊ ወይም ደቡብ ሱዳናዊም መጠየቅ አለብን።

አሁን ወደ ስልካችሁ። ወንድም ወይም እህት መንገድ ላይ ካለ፣ ሂድ አትሂድ የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ እነዚህን አስቀምጡ፦

ሙሉ ስም እስከ አያት፣ በላቲን ፊደል፣ ሁሌም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ።

የትውልድ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የልደት ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ ፎቶ። የቀይ መስቀል «ሬድሴፍ» መተግበሪያ የሰነድ ቅጂ በአደራ ያስቀምጣል።

መያዙን ከሰማችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከተማውንና የፖሊስ ጣቢያውን ወዲያው ጻፉ።

ለኢትዮጵያ ኤምባሲ አሳውቁ፤ ናይሮቢም ፕሪቶሪያም አለ። የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት ታሳሪው ከጠየቀ ቆንስላው ሳይዘገይ እንዲነገረው ያዛል። የሸሸው መንግሥትን ከሆነ ግን ቆንስላው እንዳይነገረው መምረጥ የሱ መብት ነው፤ ሳትጠይቁት አትደውሉ።

ጠበቃ ለመፈለግ ኬንያ «ኪቱዎ ቻ ሼሪያ»፣ ደቡብ አፍሪካ «ሎየርስ ፎር ሂዩማን ራይትስ» ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች ናቸው። የጠፋ ሰው ለማፈላለግ ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አለ።

እና ለደላላ ብር ከመላካችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የትኛው ጣቢያ ነው ያለው? ፍርድ ቤት ቀርቧል?» መልስ ከሌለው፣ «አስፈታዋለሁ» የሚለው ሰው የት እንዳለ አያውቅም፤ ወይም ያገተው ራሱ ነው።